ስንቅ ሳትይዙ፣ ምግባችሁን ሳታስቡ መንገድ አትውጡ

 

ዛሬ የማነሳው የመንገድ ምግብን ነው። ጉዳዩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከጉዞ መልስ ታመው የሚመጡ ሰዎችን «ምን ነካችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ታሪኩ ብዙ ጊዜ ከምግብ ይጀምራል፦ ከተዘለለ ቁርስ፣ በላይ በላዩ ከተጠጣ ለስላሳ፣ ሽንት እንዳይመጣ ተብሎ ሳይጠጣ ከቀረ ውሃ፣ ሙቀት ውስጥ ከዋለ ወጥ።

አቋሜን በአጭሩ ልናገር። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የጨጓራ ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር እናት፣ ሕፃን የያዘ ወላጅ፣ ትኬት ሲቆርጡ በመንገዱ ላይ ምን፣ የትና ስንት ሰዓት እንደሚበሉም አብረው መወሰን አለባቸው። ትኬቱ የሚቆረጠው ለአንድ ሰው ነው፤ ሕመሙ ግን ሳይከፍል አብሮ ይሳፈራል።

በሰው ሰዓት፣ በሰው ድስት

ቤታችሁ ስትሆኑ የምትበሉበትን ሰዓት፣ የጨውና የዘይቱን መጠን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። አውቶቡስ ላይ ስትወጡ ይህ ሁሉ በሌላ ሰው እጅ ይገባል።

ከወልድያ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ እናስብ። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሌሊት 10 ወይም 11 ሰዓት ከእንቅልፍ መነሳት አለ። በዚያ ሰዓት ምግብ የሚያሰኘው ሰው ጥቂት ስለሆነ አብዛኛው ተሳፋሪ ባዶ ሆዱን ይሳፈራል። መርሳ፣ ውርጌሳ፣ ውጫሌና ሐይቅ ታልፈው ደሴ እስኪደረስ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ አጣዬ፣ ሸዋ ሮቢት እያለ ቆላው ይቀጥላል። ደብረ ሲና ሲደርስ ዳገቱ ይጀምራል፤ ጣርማ በር ላይ ከፍታው ከ3000 ሜትር በላይ ነው። አንድ ቀን ሳይሞላ ከሙቀት ወደ ብርድ ታልፋላችሁ። ምሳ የት እንደሚበላ የሚወስነው ሾፌሩ ነው። የሚቆመውም እሱ በለመደው ሆቴል ነው። 20 ደቂቃ ይሰጣችኋል። በ20 ደቂቃ ውስጥ መጸዳጃ ቤት ወረፋ መያዝ፣ እጅ መታጠብ፣ ማዘዝና መብላት አለ። በዚህ ጥድፊያ ማንም ሰው ለጤናው የሚሆነውን አይመርጥም፤ ቶሎ የደረሰለትን ይበላል።

ይህም መንገዱ ሰላም ሲሆን ነው። በአካባቢያችን መንገድ ድንገት ሲዘጋና ተሳፋሪ ባላሰበው ከተማ ሲያድር አይተናል። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ በነበሩት የጦርነት ወራት መድኃኒትና ምግብ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን የዚህ አካባቢ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። ስለዚህ «ዛሬውኑ እደርሳለሁ» ብሎ ማቀድ ለሕመምተኛ በቂ አይደለም። የአንድ ቀን መንገድ ከሆነ የሁለት ቀን ያዙ።

ለሳምንታት ባሕር ላይ የሚቆዩ ትልልቅ የመንገደኛ መርከቦች እንዴት እንደሚሠሩ ልንገራችሁ። መንገደኛው መሃል ባሕር ላይ ሆኖ ሌላ ምግብ ቤት ልፈልግ ማለት አይችልም። ስለዚህ የማይስማማው ምግብ ያለበት ወይም የስኳር ሕመምተኛ የሆነ ሰው ከመሳፈሩ በፊት እንዲያሳውቅ ይጠየቃል። በየምሽቱ የሚቀርበውንም ዝርዝር ቀድሞ አይቶ ያቅዳል። እኛ መርከብ የለንም። ግን ዳገት ላይ ያለ አውቶቡስም ያው ነው፤ መውረጃ የለውም። «አስቀድማችሁ አሳውቁን» የሚለን ስለሌለ ደግሞ ሥራው በራሳችን ላይ ይወድቃል።

ስንቅ የድህነት ምልክት አይደለም

አያቶቻችን ይህን ጥያቄ ከመለሱት ቆይተዋል። አገልግል ሰፍተዋል፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ አዘጋጅተዋል። እነዚህን ምግቦች አንድ የሚያደርጋቸው ደረቅ መሆናቸው ነው። ምግብን የሚያበላሹ ተህዋስያን ለመራባት እርጥበት ይፈልጋሉ፤ ውሃው የወጣለት ምግብ ስለዚህ ብዙ ቀን ይቆያል። ይህ የዛሬ ሳይንስም የሚስማማበት ነገር ነው።

ዛሬ ግን ስንቅ መያዝ ያሳፍራል። ሆቴል ተቀምጦ ከቦርሳ ዳቦ ማውጣት «ገንዘብ የለውም» ያሰኛል ተብሎ ይፈራል። ወጣቱ አገልግል ይዞ መናኸሪያ ከሚታይ ቢራብ ይመርጣል። ይህን ሐሳብ አልቀበልም። የስኳር ሕመምተኛ ቦርሳ ውስጥ ያለ ቁራሽ ዳቦ እንደ መድኃኒቱ ይቆጠራል። በመድኃኒት የሚያፍር የለም፤ በስንቅም ማፈር የለብንም።

ሌላ የምታዘበው ነገር አለ። ስንቁን የምትቋጥረው ሁልጊዜ እናት ናት። ለልጆቹ፣ ለባሏ፣ ለአማቷ ታስባለች፤ ለራሷ የያዘችው ነገር የለም። ግፊት ያለባት እሷ ልትሆን ትችላለች። አባት ደግሞ ብቻውን ሲሄድ የሚይዘውን አያውቅም፤ ቤት ውስጥ አቅርበውለት ነው የለመደው። ሕመሙ የማን እንደሆነ፣ የስንቁም ኃላፊ እሱ ይሁን። ጋሼ፣ ኢንሱሊን የሚወጉት እርስዎ ከሆኑ ዳቦውንም እርስዎ ቋጥሩ።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ።

የስኳር ሕመም ላለባችሁ

በጉዞ ላይ የሚያጋጥማችሁ አደጋ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የስኳር መጨመር ሲሆን ሌላው የስኳር መውረድ ነው። በሰዓታት ውስጥ ሰው የሚጥለው ሁለተኛው ነው።

ስኳር የሚወርደው መድኃኒቱ ገብቶ ምግቡ ሲቀር ነው። ይህ በተለይ ኢንሱሊን ለሚወጉና እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን ለሚወስዱ ሰዎች ያሰጋል። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ስኳሩ የመውረድ ዕድሉ አነስተኛ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራችሁ የምትወስዱት መድኃኒት ከየትኛው እንደሆነ ማወቅ ነው። ካላወቃችሁ ከጉዞው በፊት ክትትል የምታደርጉበት ቦታ ጠይቁ።

የተለመደውን ስሕተት ልንገራችሁ። ሰውዬው ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ ቤቱ ኢንሱሊኑን ይወጋል፤ «ቁርስ ደሴ እበላለሁ» ይላል። ጎማ ይፈነዳል ወይም ፍተሻ ላይ ወረፋ ይበዛል። ሐይቅ ሳይደርስ ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ንግግሩ ይምታታል። አጠገቡ ያለው ሰው «ሰክሯል» ወይም «ተኝቷል» ይላል።

መፍትሔው አንድ ነው፦ ምግቡ እጃችሁ ላይ ሳይኖር ከምግብ በፊት የሚወሰደውን ኢንሱሊን አትውጉ። ቁርሳችሁን ቤታችሁ መብላት ካልቻላችሁ ምግቡን ይዛችሁ ተሳፈሩ። የሌሊት ጉዞ ሲኖር ሰዓቱና መጠኑ እንዴት መስተካከል እንዳለበት ከጉዞው ጥቂት ቀን በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

«እንግዲያው ዛሬ መንገደኛ ነኝ፣ ጭራሹኑ አልወጋም» የሚሉም አሉ። ይህም አደገኛ ነው። በተለይ በልጅነት ወይም በወጣትነት በጀመረው የስኳር ዓይነት ኢንሱሊንን ማቋረጥ ደምን አሲዳማ አድርጎ ሕይወትን ለአደጋ ያጋልጣል።

ስኳር ሲወርድ የሚደረገው ይህ ነው፦

1. ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ አሟሙታችሁ ጠጡ፤ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ጠጡ። ስኳር አልባ የሚባለው ለስላሳ እዚህ ላይ አይሠራም።
2. 15 ደቂቃ ጠብቁ። መለኪያ ካላችሁ ለኩ፤ ከ70 በታች ከሆነ ወይም ስሜቱ ካልለቀቃችሁ ድገሙት።
3. ሲሻላችሁ ዳቦ ወይም ሌላ ጠንከር ያለ ምግብ ብሉ። ስኳሩ ብቻውን ቶሎ ያልቅና ተመልሶ ይወርዳል።
4. ሰውየው ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጡት፤ ሊታነቅ ይችላል። በጎኑ አስተኙትና ሾፌሩ ወደ ቅርቡ ጤና ተቋም እንዲነዳ አድርጉ።

ለዚህ ነው የስኳር ሕመምተኛ ኪሱ ውስጥ ጥቂት ስኳር በፌስታል ቋጥሮ መያዝ ያለበት። ከጎናችሁ ለተቀመጠውም ሰው «የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፤ ከተምታታሁብህ ይህን ስጠኝ» በሉት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሕይወት ታተርፋለች።

ወደ መጨመሩ ስንመጣ፣ ዋናው ጥፋተኛ መጠጡ ነው። አንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው፤ ወደ 8 የሻይ ማንኪያ ገደማ። ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ሁለትና ሦስት መጠጣት ቀላል ነው። ጥማችሁን በውሃ ቁረጡ። ሻይ ስታዙ «ያለ ስኳር» ብላችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ካልተናገራችሁ ስኳሩ ገብቶበት ይመጣል። ፍራፍሬ ካሰኛችሁ ከመርሳ አንድ ብርቱካን ይዛችሁ ፍሬውን ብሉ፤ ጭማቂው ከብዙ ፍሬ የሚወጣ ስለሆነ ስኳሩም ያንኑ ያህል ይበዛል። በሶ ጥሩ ስንቅ ነው፤ ገብስ ስኳሩን ቀስ ብሎ የሚለቅ እህል ነው። ማር ወይም ስኳር ከተጨመረበት ግን ጥቅሙ ይቀራል።

ኢንሱሊኑን የምታስቀምጡበትንም አስቡበት። ጣሪያ ላይ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አታድርጉት፤ ፀሐይ ያበላሸዋል። ሞተሩ አጠገብና የፊት መስታወቱ ሥር አይቀመጥ። በእጅ ቦርሳ፣ በረጠበ ጨርቅ በተጠቀለለ ዕቃ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። በረዶ ከነካው ደግሞ ይበላሻል፤ በረዶ ላይ በቀጥታ አታስቀምጡት። ከምትፈልጉት እጥፍ ያዙ፤ የክትትል ካርዳችሁም አብሮ ይሁን።

የደም ግፊት ላለባችሁ

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲበላ ይመክራል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። የሆቴል ወጥ ጨው ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቀው የለም። አንድ ምሳ ብቻ ከሆነ ብዙ አያስጨንቅም። ጉዞው አምስትና ስድስት ቀን ከሆነ፣ በየቀኑ ሦስት ጊዜ የሆቴል ወጥ መብላት ግፊቱን ይጨምረዋል። ስለዚህ ቢያንስ ቁርሱ ከስንቃችሁ ይሁን። ቋንጣ ጨው የበዛበት ስለሆነ ለእናንተ ጥሩ ስንቅ አይደለም፤ ጨው ያልበዛበት ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች፣ በሶና ሙዝ ይሻላሉ። የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ ግን ሙዝና ብርቱካን ከመያዛችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ።

የሽንት ክኒን የምትወስዱ ሰዎች በጉዞ ቀን ክኒኑን ትታችሁ፣ ውሃም ሳትጠጡ የምትውሉበት ምክንያት ይገባኛል። መንገድ ላይ መጸዳጃ ማግኘት፣ በተለይ ለሴት፣ ፈተና ነው። ነገር ግን ክኒኑን በራሳችሁ አትተዉ፤ ለጉዞ ቀን ሰዓቱ ይቀየር እንደሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ውሃውንም ቀስ በቀስ፣ በየመሃሉ ጥቂት ጥቂት ጠጡ። ውሃ ሳይጠጡና ሳይንቀሳቀሱ ለሰዓታት መቀመጥ እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ በር ይከፍታል። ወንበራችሁ ላይ ሆናችሁ ቁርጭምጭሚታችሁን ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱ፤ መኪናው ሲቆም ወርዳችሁ ተራመዱ።

ለወላጆች

ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን የጉዞ ምግቡ የእናት ጡት ብቻ ነው። ሙቀት ነው ተብሎ ውሃ አይሰጠውም፤ ጡት ቶሎ ቶሎ አጥቡት፣ በቂ ውሃ አለውና። እናትየዋ ግን ትጠጣ፤ ትብላ። ነጠላዋን ከልላ መሃል መንገድ ላይ ብታጠባ ማንም ሊያፍርባት አይገባም።

ከ6 ወር በላይ ላለው ልጅ ገንፎ ቤት ሠርታችሁ ቀኑን ሙሉ አትያዙ። ብስል፣ እርጥብ ምግብ ሙቀት ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ አትመኑት፤ ቆላው ላይ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ። ከዚያ ይልቅ የአጥሚት ወይም የበሶ ዱቄት በደረቁ ይዛችሁ፣ ፈልቶ በፔርሙስ በተያዘ ውሃ እዚያው አዘጋጁ። ጡጦ መንገድ ላይ በደንብ ማጠብ ስለማይቻል ኩባያና ማንኪያ ተጠቀሙ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በምንም መልኩ አይሰጥ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ደብረ ሲና ሲደረስ ቆሎ ሻጮች በመስኮት ይመጣሉ፤ ቆሎው ጥሩ ነው፣ ለአዋቂ ከብስኩት የተሻለ ስንቅ ነው። ለትንሽ ልጅ ግን አይሆንም። ከ4 ዓመት በታች ያለ ልጅ ቆሎ ወይም ኦቾሎኒ በልቶ፣ መኪናው ሲዘል ወይም ሲስቅ ወደ አየር ቧንቧው ሊገባበት ይችላል። ልጁ ካለቀሰ ማባበያው ቆሎ አይሁን፤ የዳቦ ቁራጭ ወይም ሙዝ ስጡት።

መኪና የሚያስመልሳቸው ልጆች ባዶ ሆዳቸውንም፣ ጠግበውም አይሳፈሩ። ከአንድ ሰዓት በፊት ትንሽ ደረቅ ዳቦ በቂ ነው። ወደ ፊት ወንበር አስቀምጧቸው፤ ስልክ እንዳያዩ ከልክሉ፤ በመስኮት ሩቅ ይመልከቱ።

ለተቅማጥ ሁለት ሦስት ከረጢት ኦ.አር.ኤስ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ ሁሉን ካስመለሰው፣ ዓይኑ ከሰረጎደ ወይም ሰገራው ደም ካለው አዲስ አበባ እስክትደርሱ አትጠብቁ። ደሴም ሆነ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አለ፤ ውረዱ።

ሆቴል ስትገቡ ምን ታዛላችሁ?

የእኔ ደንብ ቀላል ነው፦ እየፈላ የመጣውን ብሉ። ድስቱ ላይ እየተንተከተከ የሚቀርብ ሽሮ ተጋቢኖ፣ አሁን የተጠበሰ እንቁላል፣ ትኩስ ምስር ወጥ ከማንኛውም ቀዝቅዞ ከሚቀርብ ምግብ ይሻላል። በየት ውሃ እንደታጠበ የማታውቁት ሰላጣ ይቅር። ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ለመንገድ አይሆኑም፤ ኮሶውን በኋላ ታገኙታላችሁ፣ ቁርጠቱን ግን እዚያው መኪናው ውስጥ። ያልፈላ ወተትም ይቅር። ጨጓራ ያለባችሁ በባዶ ሆድ ቡና አትጠጡ፤ መጀመሪያ ዳቦ ቅመሱ። ከሁሉም በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሳሙና ስለማይገኝ ከቤታችሁ ቁራጭ ያዙ።

ወደ ላሊበላ ለገና፣ ለመውሊድም ለምትጓዙ

የአንድ ቀን መንገድ እቅድ ካስፈለገው፣ የብዙ ቀን ጉዞ ምን ያህል ያስፈልገዋል? በገና ሰሞን ከአካባቢያችን ብዙ ምእመን በድልብና በጋሸና አድርጎ ወደ ላሊበላ ይወጣል። በእግሩ የሚሄድም አለ። ቆላ የለመደ ሰው ደጋ ላይ ያድራል፤ ይራመዳል፤ ይቆማል። ጊዜው ኅዳር 15 የሚጀምረው የነቢያት ጾም ነው፤ ብዙው ሰው እስከ ቀትር ወይም እስከ 9 ሰዓት ይጾማል።

በእግር መሄድ ብቻውን ስኳርን ያወርዳል። ጾም ሲጨመርበት፣ ኢንሱሊን ሲጨመርበት ሦስት ነገር በአንድ አካል ላይ ይደራረባል። ስለዚህ ስኳር ያለበት ተሳላሚ ከመነሳቱ በፊት ሁለት ሰው ያነጋግር፦ ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ የምታደርገው አስተያየት አለ፤ ፈቃዱን አስቀድሞ መቀበል መንገድ ላይ ኅሊናን ከመክሰስ ያድናል። የጾም ምግብ ራሱ ጥሩ ነው፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሱፉና ተልባው ለስኳርም ለግፊትም ይስማማሉ። የሚጎዳው ሰዓቱ መራቁና ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ እስኪጠግቡ መብላቱ ነው።

ለመውሊድ ወደ ጀማ ንጉሥ የምትሄዱ፣ በረመዳን መንገድ የምትወጡ፣ ሐጅም የምትነሱ ወገኖቼ፣ ለእናንተም ይኸው ነው። እስልምና ለሕመምተኛም ለመንገደኛም ጾሙን በሌላ ቀን እንዲከፍል ፈቅዷል። ሁለቱም የሆነ ሰው፣ ማለትም ሕመምተኛ መንገደኛ፣ ኡስታዙንና ሐኪሙን ሳያማክር ባይጾም ይመረጣል። ሐጅ የሚሄድ ሰው ደግሞ ለሳምንታት በማያውቀው ምግብ ነው የሚኖረው፤ መድኃኒቱን ቆጥሮ፣ የምግቡን ሰዓት አስቦ ይነሳ።

«በሞቴ» ሲባል

የወሎ ሰው እንግዳ ሲመጣለት እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ከመንገድ ስትደርሱ አክስት «አፈር ስሆን፣ በሞቴ» እያለች ታጎርሳለች። አለመብላት ማስቀየም ነው። የሚመጣው ጉርሻ በቅቤ የራሰ ነው፤ የሚቀዳው ጠላ ወይም ብርዝ ነው፤ አንድ ቤት አይበቃም፣ አምስት ዘመድ ቤት ትዞራላችሁ። ስኳራችሁና ግፊታችሁ ከመንገዱ ይልቅ እዚህ ይበላሻል።

ይህን በር ላይ ቆሞ መከራከር አይቻልም። ቀድሞ መጨረስ ይሻላል። ከመነሳታችሁ በፊት ደውሉ። «እትዬ፣ ሐኪም ጨውና ቅቤ አስቀንሶኛል፤ ከእጅሽ ጎመንና ሽሮ እበላለሁ፣ በዚያው አስቢልኝ» በሏት። ሰው የሚከፋው ያዘጋጀው ምግብ ሲቀርበት ነው፤ ሳያዘጋጅ ካወቀ ደስ ብሎት ይሠራላችኋል። እንግዳ ተቀባዮችም፣ እባካችሁ፦ ሕመምተኛ «በቃኝ» ሲል አንድ ጊዜ ለምኑት፤ ሁለተኛውን ተዉት። ፍቅራችሁ በአንዱም ይታወቃል።

ለሾፌሮችና ለሆቴል ባለቤቶች

ሁሉን ነገር በሕመምተኛው ላይ መጫን አልፈልግም። ወጪ የማይጠይቁ ሦስት ነገሮች አሉ።

ሾፌሮችና ረዳቶች፦ ስትነሱ «ቁርስ እዚህ ከተማ፣ ምሳ እዚያ ከተማ፣ በዚህ ሰዓት ገደማ» ብላችሁ ተናገሩ። መኪና ሲዘገይም ንገሩን። ለኢንሱሊን ተጠቃሚ ይህ ወሬ ብቻ አይደለም፤ መርፌውን የሚወስንበት መረጃ ነው። «ስኳር አለብኝ፣ ሁለት ደቂቃ ቁምልኝ» የሚላችሁን ሰው አትቆጡት።

ሆቴሎች፦ ሻዩን ከነስኳሩ አፍልታችሁ አታቅርቡ፤ ስኳሩን ለየት አድርጉት። ከመቅጃው አጠገብ ሳሙና ይኑር። አስተናጋጁም «ጨው የሌለበት ምን አላችሁ?» ሲባል አይሳቅ። አንድ ድስት አልጫ ጨው ቀንሶ መሥራት የሚያከስር አይመስለኝም። እንዲያውም ደንበኛ ያመጣል፤ በየአውቶቡሱ ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው አይጠፋምና።

«ይህ ሁሉ ለሀብታም ነው» ለምትሉኝ

ይህን እሰማለሁ። ኑሮ ተወዷል፤ «የተገኘውን በልቶ ማደር ነው» ትላላችሁ። ግን ሒሳቡን አስሉት። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ሆቴል መብላትና ሁለት ለስላሳ መጠጣት ከግማሽ ኪሎ በሶ፣ ከአንድ ድፎ ዳቦና ከጥቂት ሙዝ እጅግ ይበልጣል። ስንቅ የሚጠይቀው ከገንዘብ ይልቅ ጊዜ ነው፤ ያውም አንድ ምሽት። በመንገድ ታሞ መውደቅ ግን ትኬቱን፣ አልጋውን፣ የአስታማሚውን ቀን ሁሉ ያስከፍላል።

እንግዲህ ከመነሳታችሁ በፊት ያለውን ምሽት እንዲህ ተጠቀሙበት፦

✔ ከመነሻ እስከ መድረሻ የምትበሉበትን ሰዓትና ቦታ በወረቀት ላይ ጻፉ፤ ቢያንስ ቁርስ፣ መክሰስ፣ ምሳ።
✔ ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት የምትወስዱትን መድኃኒት ጻፉ።
✔ ሾፌሩ ባይቆም የምትበሉትን ከስንቃችሁ ለዩ፤ በእጅ ቦርሳ አድርጉት፣ ጣሪያ ላይ አትጫኑት።
✔ እርጥቡን ምግብ መጀመሪያ፣ ደረቁን በኋላ ብሉ።
✔ ንጹሕ ውሃ፣ ሳሙና፣ ስኳር፣ ኦ.አር.ኤስ፣ የሁለት እጥፍ መድኃኒት፣ የክትትል ካርድ።
✔ የሚቀበላችሁን ዘመድ ደውሉለት፤ የማትበሉትን ንገሩት።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ ነው። የመድኃኒታችሁን መጠንና ሰዓት ለመቀየር የሚከታተላችሁን ሐኪም አማክሩ፤ እኔም በኮሜንት መጠን አልጽፍም። ሌላ ጥያቄ ካላችሁ ግን ጻፉልኝ። እናንተ መንገድ ስትወጡ ምን ስንቅ ትይዛላችሁ? የእናቶቻችሁን ዘዴ ብታካፍሉን ሌላውም ይማርበታል። በዚህ ሳምንት መንገድ የሚወጣ ሕመምተኛ የምታውቁ ከሆነ ዛሬ ማታ ሳይተኛ ላኩለት።

መልካም ጉዞ፤ በሰላም ግቡ።